ሥራ ሲሰደድ፦ መንግሥታት ፋብሪካዎችን በአገራቸው ለማቆየት ያደረጉት ጥረት ምን አስገኘ?

ሰው ሥራ ፍለጋ አገሩን ለቆ ሲሄድ ማየት ለዚህ ገጽ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ከወሎም ይሁን ከጅማ፣ ከአርሲም ይሁን ከስልጤ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን የተሻገረ ሁሉ ታሪኩን ከራሱ ሕይወት ያውቀዋል። ባለፉት 40 ዓመታት የዓለምን ኢኮኖሚ ከለወጡት ነገሮች አንዱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሠራተኛው በከተማው እንደተቀመጠ ሥራው ራሱ ይሰደዳል። ማሽኑ ይፈታል፣ በኮንቴይነር ይጫናል፣ ድንበር ወይም ውቅያኖስ ተሻግሮ የሰው ጉልበት በሚረክስበት ምድር እንደገና ይተከላል። ከኋላው የሚቀሩት ባዶ አዳራሽ፣ የቤት ዕዳ ያለበት አባወራና ገበያው የቀዘቀዘ ከተማ ናቸው።

መንግሥታት ይህን ስደት ለመግታት ብዙ ሞክረዋል። ግብር ቀንሰዋል፣ ቀረጥ ጥለዋል፣ ቅጣት ደንግገዋል፣ ድጎማ ሰጥተዋል። አንዳንዱ እርምጃ ለጊዜው ሠርቷል፤ አንዳንዱ ከታሰበው ተቃራኒ ውጤት አምጥቷል። ጉዳዩ የሀብታም አገሮች ብቻ አይደለም። የሚሰደደው ሥራ ከሚያርፍባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ዛሬ የመጣላት ፋብሪካ ነገ እንዳይሄድ ምን ሊይዘው እንደሚችል ከሌሎች ልምድ መማር ይጠቅማታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የኢንዲያናፖሊሱ ስምምነት

በፌብሩዋሪ 2016 በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ የሚገኘው የካሪየር ኩባንያ ፋብሪካ ሠራተኞች ለስብሰባ ተጠሩ። ፋብሪካው የቤት ማሞቂያ መሣሪያ የሚሠራ ነው። አንድ የኩባንያው ኃላፊ ምርቱ ሞንቴሬይ ወደምትባለው የሜክሲኮ ከተማ እንደሚዛወር ነገራቸው። 1,400 ያህል ሰዎች ሥራቸውን ሊያጡ ነበር። የሠራተኞቹ ቁጣ በአንድ ባልደረባቸው ስልክ ተቀረጸ፤ ቪዲዮውም በጥቂት ቀናት ውስጥ አገሩን አዳረሰ። ዓመቱ የምርጫ ዓመት ነበርና ዕጩው ዶናልድ ትራምፕ ጉዳዩን በየመድረኩ አነሡት።

በኖቬምበር መጨረሻ፣ ትራምፕ ምርጫውን ካሸነፉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ስምምነት መደረሱ ተነገረ። የኢንዲያና ክፍለ ግዛት በ10 ዓመት ውስጥ የሚሰጥ 7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ማበረታቻ ለኩባንያው ፈቀደ። ኩባንያው በበኩሉ በፋብሪካው ላይ 16 ሚሊዮን ዶላር ለማውጣትና 800 ያህል የፋብሪካ ሥራዎችን ለማቆየት ቃል ገባ። በይፋ የተነገረው ቁጥር ከ1,000 በላይ ነበር፤ ነገር ግን ከመጀመሪያውም ሊዛወሩ ያልታሰቡ የቢሮና የምህንድስና ሥራዎች ተደምረውበት ነው።

ስምምነቱ ለ800 ቤተሰቦች እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ ይህን ማቃለል ተገቢ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚያው ፋብሪካ ከ500 በላይ ሠራተኞች በ2017 እና በ2018 መጀመሪያ ተሰናበቱ። በዚያው ክፍለ ግዛት በሀንቲንግተን ከተማ በነበረው የእኅት ኩባንያ ፋብሪካ የነበሩት 700 ያህል ሥራዎችም ወደ ሜክሲኮ ሄዱ። የወላጅ ኩባንያው የዩናይትድ ቴክኖሎጂስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ደግሞ ከ16 ሚሊዮኑ ዶላር ከፊሉ ሥራውን በማሽን ለማሠራት እንደሚውልና በመጨረሻም የሠራተኛው ቁጥር እንደሚቀንስ አልደበቁም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የሒሳቡ አለመመጣጠን ነው። ኩባንያው ወደ ሜክሲኮ ቢሄድ በዓመት 65 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚቆጥብ ተናግሮ ነበር። ታዲያ በ10 ዓመት ተከፋፍሎ የሚሰጥ 7 ሚሊዮን ዶላር በየዓመቱ የሚገኘውን 65 ሚሊዮን እንዴት ሊያስተወው ቻለ? ብዙ ተንታኞች መልሱን ያገኙት ከስምምነቱ ውጭ ነው። ዩናይትድ ቴክኖሎጂስ የጦር አውሮፕላን ሞተርን ጨምሮ በየዓመቱ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ዕቃ ለአሜሪካ መከላከያ የሚያቀርብ ኩባንያ ነበር። በእነርሱ አስተያየት የኩባንያውን ሐሳብ ያስለወጠው መንግሥት የሰጠው ስጦታ ሳይሆን መንግሥት ትልቅ ደንበኛው መሆኑ ነው። ይህን ነጥብ ወደኋላ እንመለስበታለን።

በግብር ማባበል

አንድ ኩባንያ አገሩን ለቆ እንዲሄድ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ቀዳሚው የደመወዝ ልዩነት ነው። ከዚያም ለጥሬ ዕቃና ለገበያ መቅረብ፣ የኃይልና የመጓጓዣ ዋጋ፣ የግብር መጠንም ይከተላሉ። መንግሥት የጎረቤቱን አገር ደመወዝ ከፍ ማድረግ አይችልም። በእጁ ያለውና በአንድ ሕግ ሊለውጠው የሚችለው ግብሩን ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚነካው እርሱን ነው።

አሜሪካ በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ አላት። እስከ 2017 ድረስ በሥራ ላይ በነበረው ሕግ ኩባንያዎች በውጭ አገር ያገኙት ትርፍ ግብር የሚከፈልበት በአብዛኛው ወደ አገር ሲመለስ ብቻ ነበር፤ ከፍተኛው ምጣኔም 35 በመቶ ነበር። ውጤቱ ለመገመት አያስቸግርም፤ ትርፉ ውጭ ተከማችቶ ቀረ። በ2004 የወጣው ሕግ ገንዘቡ እንዲመለስ ለአጭር ጊዜ ምጣኔውን ወደ 5.25 በመቶ ዝቅ አደረገ። ለሕጉ የተሰጠው ስም ራሱ ለአሜሪካውያን ሥራ መፍጠርን የሚያበሥር ነበር። በዚህ ዕድል 312 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወደ አገር ገባ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ገንዘቡ በአብዛኛው ለባለ አክሲዮኖች እንደተከፈለ፣ በአገር ውስጥ ሥራና ኢንቨስትመንት ላይ ያመጣው ጭማሪ እንዳልታየ አረጋገጡ። ሕጉ ገንዘቡ ምን ላይ መዋል እንዳለበት ቢዘረዝርም፣ ከዚህኛው ኪስ የወጣ ገንዘብ በዚያኛው ኪስ ላለው ቦታ እንደሚለቅ አልተገነዘበም።

በዲሴምበር 2017 የወጣው ሌላ ሕግ የኩባንያዎችን የትርፍ ግብር ከ35 ወደ 21 በመቶ አወረደው፤ በውጭ በሚገኝ ትርፍ ላይም 10.5 በመቶ ዝቅተኛ ግብር ጣለ። ሐሳቡ ትርፍን በወረቀት ብቻ ግብር ወደሌለባቸው ደሴቶች የሚያሸሹትን መያዝ ነበር። ነገር ግን በሕጉ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ቀረ። አንድ ኩባንያ በውጭ አገር ያለው ሕንፃና ማሽን ከሚያወጣው ዋጋ 10 በመቶ ጋር እኩል የሆነ ትርፍ ከዚህ ግብር ነፃ ሆነ። በምሳሌ ለማስረዳት፣ በውጭ አገር 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ፋብሪካ ያለው ኩባንያ በየዓመቱ ከሚያገኘው የውጭ ትርፍ የመጀመሪያው 10 ሚሊዮን አይነካበትም። ተቺዎች እንዳሉት ሥራን አገር ውስጥ ለማቆየት የወጣው ሕግ ውጭ ፋብሪካ ለሚተክል ሰው ሽልማት የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። ቀዳዳው የተደፈነው በ2025 በወጣው ሕግ ነው፤ ምጣኔውም ከ2026 ጀምሮ ከፍ እንዲል ተደረገ።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ኩባንያ ፋብሪካውን ነቅሎ ወደ ውጭ ለመውሰድ የሚያወጣው ወጪ እንደማንኛውም የንግድ ወጪ ከግብሩ ሒሳብ ላይ ተቀናሽ ይሆንለታል። ይህን ተቀናሽ የሚከለክል፣ ሥራውን ወደ አገር ለሚመልስ ኩባንያ ደግሞ ከመመለሻው ወጪ 20 በመቶ የሚታሰብ የግብር ቅናሽ የሚሰጥ ረቂቅ በ2012 እና በ2014 ለሴኔቱ ቀርቦ ሁለቱንም ጊዜ አስፈላጊውን ድምፅ ሳያገኝ ቀረ።

ቀረጥና የቀረጥ ዋጋ

ሁለተኛው መሣሪያ ቀረጥ ነው። ውጭ የተሠራ ዕቃ ሲገባ ከከበደ አገር ውስጥ መሥራት ያዋጣል የሚለው አስተሳሰብ ቀላልና ለሕዝብም በቶሎ የሚገባ ነው። በ2018 መጀመሪያ አሜሪካ ከውጭ በሚገቡ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ጣለች። ሳምሰንግና ኤልጂ የተባሉት የኮሪያ ኩባንያዎችም በደቡብ ካሮላይናና በቴነሲ ፋብሪካዎቻቸውን ከፈቱ። ላይ ላዩን ሲታይ ፖሊሲው ሠርቷል።

ሦስት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ሲያሰሉት ግን ሌላ ሥዕል ወጣ። የማጠቢያ ማሽን ዋጋ በ12 በመቶ ያህል ጨመረ። ቀረጥ ያልተጣለበት የልብስ ማድረቂያ ዋጋም አብሮ ከፍ አለ፤ ሁለቱ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ላይ ስለሚሸጡ ነው። የተፈጠረው ሥራ 1,800 ያህል ነበር። ከቀረጡ የተገኘው ገቢ ከተቀነሰ በኋላ እንኳ ለእያንዳንዱ ሥራ ሸማቹ በዓመት 815,000 ዶላር ያህል ከፍሏል። ይህ የብዙ ሠራተኞች የዓመት ደመወዝ ነው።

ከዚህም በላይ ቀረጥ መልስ አለው። በዚያው ዓመት አሜሪካ በብረትና በአሉሚኒየም ላይ ቀረጥ ስትጥል የአውሮፓ ኅብረት በአሜሪካ ሞተር ሳይክሎች ላይ አጸፋውን ጣለ። ታዋቂው ሃርሊ ዴቪድሰን ለአውሮፓ ገበያ የሚሠራቸውን ሞተር ሳይክሎች ከአሜሪካ ውጭ ለማምረት መወሰኑን በጁን 2018 አስታወቀ። ሥራን ለማስቀረት የተሠራው አጥር ሥራን ገፍቶ አስወጣ ማለት ነው።

ሕግ የሚያስቀረውና የማያስቀረው

አውሮፓውያን በአብዛኛው የመረጡት መንገድ ሕግ ነው። በፌብሩዋሪ 2012 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ የነበሩት ፍራንሷ ኦላንድ በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በፍሎራንዥ ከተማ የአርሴሎር ሚታል ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ፊት አንድ መኪና ጣሪያ ላይ ቆመው ንግግር አደረጉ። ትርፋማ ፋብሪካን መዝጋት የፈለገ ኩባንያ ለሚገዛው ሰው አሳልፎ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ እንደሚያወጡ ቃል ገቡ። ኦላንድ ተመረጡ። ሚኒስትራቸው አርኖ ሞንትቡር ፋብሪካውን ለጊዜው በመንግሥት ስለ መውረስ እስከ መናገር ደረሱ። ይሁን እንጂ የፍሎራንዥ 2 የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች በ2013 ለዘለቄታው ተዘጉ።

የከተማዋን ስም የያዘው ሕግ የጸደቀው ከዚያ በኋላ፣ በ2014 ነው። ቢያንስ 1,000 ሠራተኛ ያለው ኩባንያ ፋብሪካ ሲዘጋ ገዢ እንዲፈልግ ግዴታ ጣለበት። ተገቢ ገዢ እያለ እምቢ ቢል በእያንዳንዱ በሚጠፋ ሥራ እስከ 20 ወር ዝቅተኛ ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ደነገገ። ሕጉ ገና ሥራ ላይ ሳይውል የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ቅጣቱ የንብረት መብትንና የንግድ ነፃነትን ይጋፋል ብሎ ሰረዘው። የመፈለግ ግዴታው ቀረ፤ ኃይሉ ግን ተነነ።

ጣሊያን የሄደችበት መንገድ ጥቂት ይለያል። በ2018 የወጣው ድንጋጌ የመንግሥት ድጋፍ የወሰደ ኩባንያ በ5 ዓመት ውስጥ ያንን ሥራ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ቢያዛውር የወሰደውን እንዲመልስ፣ በተጨማሪም የድጋፉን ከ2 እስከ 4 እጥፍ እንዲቀጣ አዘዘ። ይህ የንብረት መብት ክርክር በቀላሉ አያፈርሰውም። መንግሥት የሚጠይቀው የሰውየውን ንብረት ሳይሆን በቅድመ ሁኔታ የሰጠውን የራሱን ገንዘብ ነውና። ድጋፍ ያልወሰደውን ግን ይህ ሕግ አይነካውም። በጁላይ 2021 በፍሎረንስ አቅራቢያ የመኪና ክፍሎች የሚሠራ የጂኬኤን ፋብሪካ 422 ሠራተኞች መሰናበታቸውን በኢሜይል ተረዱ። የፍሎረንስ ፍርድ ቤት አሠራሩ የሠራተኛ ማኅበሩን መብት የጣሰ ነው ብሎ ስንብቱን ሻረው፤ ፋብሪካው ግን ወደ ምርት አልተመለሰም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣ ሕግ ቢያንስ 250 ሠራተኛ ያለው ኩባንያ ፋብሪካ ዘግቶ 50 እና ከዚያ በላይ ሰው ለማሰናበት ሲፈልግ 90 ቀን አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ደነገገ።

ከእነዚህ ልምዶች አንድ ነገር ይነበባል። ሕግ ለሠራተኛው ጊዜ ሊገዛለት ይችላል። ጊዜ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሌላ ሥራ ለመፈለግ፣ ሙያ ለመለወጥ፣ የልጆችን ትምህርት ቤት ለማመቻቸት ያስችላል። ነገር ግን ለመሄድ የቆረጠን ኩባንያ ሕግ ብቻውን አስሮ አላስቀረውም።

ቃል የተጻፈበት ድጎማ

በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ጭምብልና መድኃኒት፣ በኋላም የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ሲጠፋ የመንግሥታት አስተሳሰብ ተለወጠ። ጃፓን በ2020 አምራቾቿ ወደ አገር እንዲመለሱ 220 ቢሊዮን የን፣ ምርታቸውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ እንዲያሰራጩ ደግሞ 23.5 ቢሊዮን የን መደበች። አሜሪካ በኦገስት 2022 ባወጣችው የቺፕ ሕግ ለፋብሪካዎች ግንባታ 39 ቢሊዮን ዶላር ድጎማና 25 በመቶ የግብር ቅናሽ አዘጋጀች።

የአሜሪካው ሕግ ከ2004ቱ የሚለየው ቃሉ ተጽፎበት በመሰጠቱ ነው። ድጎማውን የወሰደ ኩባንያ ለ10 ዓመት በቻይና የረቀቀ ቺፕ የማምረት አቅሙን ማስፋፋት አይችልም፤ ቢያስፋፋ ገንዘቡን ይመልሳል። ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ የጠየቀ ኩባንያ ደግሞ ሠራተኞቹ ልጆቻቸውን የት እንደሚያውሉ የሚያሳይ ዕቅድ እንዲያቀርብ ተጠይቋል።

ይሁንና ገንዘብና ውል ተገናኝተውም አንድ ነገር ጎደለ። የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ በአሪዞና የሚገነባው ፋብሪካ የመጀመሪያ ምርት መዘግየቱን በ2023 ሲያስታውቅ ከሰጣቸው ምክንያቶች ዋነኛው የሠለጠነ ባለሙያ እጥረት ነበር። ማሽኑን የሚተክሉ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ከታይዋን መምጣት ነበረባቸው። ገንዘቡ ነበረ፣ መሬቱ ነበረ፣ የሠለጠነው እጅ ግን በበቂ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ወደ ውጭ ከሄደ ሥራ ጋር ዕውቀቱም አብሮ ሄዷልና፣ ፋብሪካን መመለስ ግድግዳ ከማቆም በላይ ሆኖ ተገኘ።

በርካሽነት መቆየት

መንግሥት ሳይሆን ሠራተኛው ራሱ ዋጋ የከፈለበት ምሳሌም አለ። በ2004 በጀርመን የሲመንስ የሞባይል ስልክ ፋብሪካዎች ባሉባቸው በቦሆልትና በካምፕ ሊንትፎርት ከተሞች 2,000 ያህል ሥራዎች ወደ ሀንጋሪ ሊዛወሩ ነበር። ሠራተኞቹ በማኅበራቸው በኩል ተደራድረው በሳምንት ከ35 ሰዓት ይልቅ 40 ሰዓት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለመሥራት ተስማሙ። የዓመት በዓልና የዕረፍት ጉርሻቸውንም ተዉ። ሥራው ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመንስ የስልክ ክፍሉን ለታይዋኑ ቤንኪው አስተላለፈው፤ በ2006 ደግሞ የጀርመኑ ድርጅት ኪሳራ አወጀና 3,000 ያህል ሰዎች ሥራቸውን አጡ።

የእነዚህ ሠራተኞች መሥዋዕትነት ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ችግሩ የደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ ስልኮቹ በገበያ ተሸንፈው ነበር። በርካሽነት ብቻ የተያዘ ሥራ ሁልጊዜ ከእርሱ የረከሰ ሌላ ቦታ አለ። ይህ አባባል ወደ ሐዋሳ ያደርሰናል።

ሐዋሳ ላይ የታየው

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በጁላይ 2016 ሲመረቅ ኢትዮጵያ የተሰደደው ሥራ ማረፊያ ለመሆን መዘጋጀቷን የሚያበሥር ነበር። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉት የልብስ ስሞች ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ቀዳሚ ሆኖ ገባ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች በስፌት ማሽን ፊት ተቀመጡ።

ኩባንያዎቹን የሳቡት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ደመወዙ ነው፤ በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመነሻው ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል መሆኑንና በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው መሆኑን አሳይቷል። ሁለተኛው አጎዋ በመባል የሚታወቀው፣ በ2000 የወጣውና የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ የፈቀደው የአሜሪካ ሕግ ነው። ጨርቁ በአብዛኛው ከእስያ ይመጣል፤ ሐዋሳ ይሰፋል፤ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይወጣል።

በኖቬምበር 2021 አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸሙ የሰብአዊ መብት ጥሰቶችን ምክንያት አድርጋ ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ተጠቃሚነት እንደምትወጣ አስታወቀች። ፒቪኤች በዚያው ወር የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ገለጸ። በስፌት ማሽን ፊት የተቀመጠችው ወጣት በውሳኔው አንዳች ድርሻ አልነበራትም። ጥፋቷ ስላልሆነ ነገር የከፈለችው ግን እርስዋ ናት።

የኢንዲያናፖሊሱ ሠራተኛና የሐዋሳዋ ሰፊ ተቀናቃኞች ይመስላሉ። የአንዱ ኪሳራ የሌላው ትርፍ ነው ተብሎ በሁለቱም ወገን ይነገራል። ሲመረመር ግን የደረሰባቸው አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ሥራቸው በአንድ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ያኛው በደመወዝ ልዩነት፣ ይህችኛዋ በቀረጥ ነፃ ዕድል። ቁጥሩ ሲለወጥ የሚይዘው ሌላ ነገር አልነበረም። ጥጡ ከኢትዮጵያ ማሳ፣ ክሩና ጨርቁ ከኢትዮጵያ ፋብሪካ፣ የንድፍ ባለሙያውና ሥራ አስኪያጁ ከኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የወጡ ቢሆኑ ኖሮ ማሽኑን ነቅሎ መሄድ እንዲህ አይቀልም ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅም እንዲሉ፣ በሌላ አገር ሕግ የተገኘ ዕድል ያው የሌላው ሆኖ ይቀራል። ሥራ ወደ ሰው መምጣቱን ሲያቆም ደግሞ ሰው ወደ ሥራ መሄዱ አይቀርም፤ የብዙ አንባቢዎቻችን ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ደንበኛ የሆነ መንግሥት

በካሪየር ታሪክ ያነሣነውን ነጥብ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በግልጽ ፖሊሲ አድርገውታል። እነዚህ አገሮች የሚገጥማቸው ጥያቄ የሄደን ፋብሪካ መመለስ ሳይሆን ከነዳጅ የሚወጣው ገንዘብ በዕቃ ግዢ ተመልሶ ከአገር እንዳይወጣ ማድረግ ነው። የሳዑዲው አራምኮ በ2015፣ የአቡ ዳቢው አድኖክ በ2018 በጀመሯቸው መርሐ ግብሮች ለኩባንያዎቹ ዕቃና አገልግሎት የሚያቀርብ ተጫራች ከሚመዘንባቸው ነገሮች አንዱ በአገር ውስጥ የሚያወጣው ገንዘብና የሚቀጥረው የአገር ልጅ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2021 ባስታወቀችው መሠረት ደግሞ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የአካባቢ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን በመንግሥቱ ውስጥ ያላደረጉ የውጭ ኩባንያዎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ውል መዋዋል ተገድበዋል፤ ለሚመጡት የ30 ዓመት የግብር እፎይታ ተፈቅዷል።

በሌላ በኩል በግብር ብቻ የመሳብ ዘመን እየጠበበ ነው። ከ130 በላይ አገሮች በ2021 በተስማሙበት መሠረት ዓመታዊ ገቢያቸው ከ750 ሚሊዮን ዩሮ የማያንስ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ቢያንስ 15 በመቶ የትርፍ ግብር እንዲከፍሉ ይጠበቃል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ፣ ባሕሬንና ኩዌት ይህን ግብር ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውለዋል። ግብር እስከ ዜሮ እያወረዱ መሽቀዳደም ወለል ተበጅቶለታል ማለት ነው።

እነዚህ ፖሊሲዎች የውጭ አገር ሠራተኛውንም ይመለከቱታል። ሳዑዲ ከ2011 ጀምሮ በምትከተለው ኒጣቃት በተባለው ሥርዓት ኩባንያዎች የሚመደቡት ባላቸው የዜጋ ሠራተኛ መጠን ነው፤ ለዜጎች ብቻ የተለዩ የሥራ መስኮችም አሉ። እዚህ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የአገሩ ባለቤት ሥራን ለልጆቹ ለማቆየት የሚያደርገውን ጥረት ከውስጥ ሆኖ ያየዋል። የሚማርበትም ነገር አለ፤ በጉልበት ብቻ የተያዘ ቦታ በቶሎ ይተካል፣ በሙያ የተያዘው ግን ይቆያል።

ውል አማና ነው

ከላይ የተመለከትናቸው አገሮች በሃይማኖትም በሥርዓትም የተለያዩ ናቸው። ከልምዳቸው የሚወጣው ትምህርት ግን ለሙስሊም አንባቢ እንግዳ አይደለም። በፊቅህ መርህ ውል የገባ ሰው በገባው ቃል ይታሰራል፤ የሕዝብ ገንዘብም በእጁ ላለ ሹም አማና ነው። በ2004 አሜሪካ ቃሉን የሚያስከብርበት መንገድ ሳታበጅ ምሕረት ሰጠች፤ ገንዘቡ ገባ እንጂ ሥራው አልመጣም። ጣሊያን በ2018፣ የቺፕ ሕጉ በ2022 ከስጦታው ጋር መመለሻውን ጻፉ። ልዩነቱ ያለው በስጦታው መጠን ሳይሆን ውሉ ተጽፎ የሚያስጠይቅ በመሆኑ ላይ ነው።

ውልም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ፋብሪካን ከቦታው ጋር የሚያስተሳስሩት በኮንቴይነር ሊጫኑ የማይችሉ ነገሮች ናቸው። የሠለጠነ ባለሙያ፣ በአቅራቢያው ጥሬ ዕቃ የሚያቀርብ ገበሬና አምራች፣ የማይቋረጥ መብራት፣ የማይዘጋ መንገድ፣ ሰላም፣ በደመወዙ ቤተሰብ ማስተዳደር የሚችልና ስለዚህም በሥራው የሚጸና ሠራተኛ። በሐዋሳ ከታዩት ችግሮች አንዱ ሰፊዎቹ በብዛት ሥራውን እየለቀቁ መሄዳቸው ነበር፤ በ26 ዶላር የተቀጠረ ሰው ሙያውን እስኪያዳብር የሚቆይበት ምክንያት አልነበረውም። ኢትዮጵያ በ2019 ባወጣችው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መደንገጓ ከዚህ አንጻር ሲታይ ለሠራተኛው ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ፋብሪካውንም የማቆያ መንገድ ነው።

ስለዚህ ወደፊት በማናቸውም የኢትዮጵያ ከተማ አዲስ ፋብሪካ ሊከፈት ስምምነት ሲፈረም፣ ሪባን ከመቆረጡ በፊት ጥቂት ጥያቄዎች ቢጠየቁ መልካም ነው። ጨርቁ ወይም ብረቱ ከየት ይመጣል፣ በስንት ዓመትስ ከአገር ውስጥ መገኘት ይጀምራል? ከውጭ የመጣው ባለሙያ ማንን አሠልጥኖ ይተካል? የተሰጠው መሬትና የግብር እፎይታ ኩባንያው ቃሉን ቢያፈርስ እንዴት ይመለሳል? መሄድ ቢፈልግ ሠራተኛው ስንት ቀን አስቀድሞ ያውቃል? የኢንዲያናፖሊስ፣ የፍሎራንዥና የሐዋሳ ሠራተኞች እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቁት በራቸው ከተዘጋ በኋላ ነበር።